በካቴድራሉ ያረፍኩ ዕለት

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ጉዳይ ማውራት ከማንም ሰው ይልቅ ለእኔ አይገባም፤ ለምን እንደማይገባ መጨረሻው ላይ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ዝም ልል ብዙ ሞክሬ ነበር። ግን የጋምቤላ ሙቀት ምንም ነገር አያስቀምጥም፤ የዋለ ወጥ ይበላሻል፣ ያደረ ወሬ ይበላሻል። ይህ የእኔ ወሬ ደግሞ ዓመታት ውስጤ ውሎ አድሯል። ከመሽተቱ በፊት ልናገረው ብዬ ነው እንጂ በድፍረት አይደለም።

አማርኛ ትልቅ ሰው ሲሞት ማየት የማይወድ ቋንቋ መሆኑን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ፍየል ይሞታል። የሬዲዮ ባትሪ ይሞታል። ጉዳይም ይሞታል፣ በተለይ መሥሪያ ቤት ከገባ። ትልቅ ሰው ግን አይሞትም፤ ያርፋል። ዕድሜ ልኩን ከአልጋው ያልተነሳ ሰው እንኳ በመጨረሻ አረፈ ይባልለታል፤ ከምኑ እንዳረፈ የሚጠይቅ የለም። እኔ ይህን ጨዋነት እወዳለሁ። በዚያ ዘመን ደግሞ መውደድ ብቻ ሳይሆን እንጀራዬም ነበር።

ያ ዘመን የምላችሁ ጋምቤላ ክልል በሆነች ማግስት ነው። የየቢሮው ሰሌዳ ቀለም ገና አልደረቀም፤ የተደገፈው ሰው ሁሉ ጀርባው ላይ የአንዱን ቢሮ ስም ግልብጡን ይዞ ይዞር ነበር። ትናንት የጥጥ መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ የእኛ ቢሮ ሆነ። ሥራዬ አማርኛ ማቅናት ነበር። ወደ ላይ የሚሄድ ጽሑፍ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል፤ አንዲት አራት ነጥብ ከቦታዋ ብትጎድል ክልሉ በሙሉ የሚናድ ይመስለኝ ነበር። የሰውን ጽሑፍ አርሜ ስጨርስ ንግግሩንም አርም ነበር። ደሞዜ ላይ ሳይጨመርልኝ ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን አንዲት ጥያቄ ከቢሮ ቢሮ ትዞር ነበር። «ክልልህ የት ነው?» የምትባለዋ ናት። እኔ የተወለድኩት ባሮ ዳር ነው። አባቴ ከደጋ የወረደው መርከብ ባሮን ሽቅብ በሚወጣበት ዘመን፣ የወደቡ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነው። መርከቡ ሲቀር እሱም ቀረ። በኋላም እዚሁ አረፈ፤ ይኸኛው ሙሉው ዕረፍት ነው። ከየትኛው ደጋ እንደመጣ በቅጡ ነግሮኝ አያውቅም፤ ሲስቅ አንድ አገር ይጠራል፣ ሲቆጣ ሌላ አገር ይጠራል። ስለዚህ ክልልህ የት ነው ስባል ጣቴን ወደ መሬት እቀስራለሁ። ጠያቂው ደግሞ የሆነ ነገር የወደቀብኝ መስሎት አብሮኝ መሬት መሬቱን ይፈልጋል።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የእኔ ቢጤዎቹ ወደየክልላቸው ይዛወራሉ የሚል ወሬ ነበረ፤ የእኔን ጉዳይ የሚወስነው አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ቀርበህ አስረዳ ተባልኩ። ለራሴስ ግድ የለኝም ልበላችሁ። ያስጨነቀችኝ ባለቤቴ ስንዱ ናት። ስንዱ የሰፋሪ ልጅ ናት። በልጅነቷ ከወሎ ከነቤተሰቧ በመኪና ተጭና መጥታ አቦቦ አካባቢ ወርዳለች፤ አባቷ ዛሬም እዚያው በቆሎውን ያርሳል። የምሄድ ዕለት ነጭ ጋቢዬን አጣጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችና፣

«አንድ ጊዜ ጭነው አምጥተውኛል» አለች። «ሁለተኛ አልጫንም። ክልልህ ሌላ ነው ካሉህ ሂድ፤ እኔ እዚህ ነኝ።»

ስንዱ ጮሃ አትናገርም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

የቢሯችን ኃላፊ የመንገድ ጓደኛ ጨመረልኝ። ኦቻላ ይባላል፤ አኙዋክ ነው፣ ወጣት ነው፣ ቁመቱ ከአውቶብስ ጣሪያ ጋር የማይስማማ፣ የጴንጤዎቹ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ። አማርኛውን የተማረው ትምህርት ቤት ሲሆን የጨረሰው እኔ ዘንድ ነው፤ ወይም እኔ ጨርሼለታለሁ ብዬ አስብ ነበር። ኦቻላ እንደ ሌላው ሰው የታረመውን ዝም ብሎ አይውጥም። ያኝከዋል።

«ለትልቅ ሰው ‹ተኛ› አይባልም» አልኩት አንድ ቀን። «‹አረፍ አሉ› ይባላል።»

አኘከው። «ጋሼ፣ ‹አሉ› ለምንድን ነው?»

«ያው ይባላል።»

«ማነው ያለው?»

«ዝም ብለህ በል እንግዲህ» አልኩት። እስቲ እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

አዲስ አበባ ገብተን መሥሪያ ቤቱ ስንቀርብ አንድ ጨዋ ሰውዬ ተቀበለን። ክልልዎ የት ነው አለኝ። ጣቴን ወደ መሬት ቀሰርኩ። ፎቅ ላይ መሆናችንን የዘነጋሁት ሰውዬው ምንጣፉን ማየት ሲጀምር ነው። ጋምቤላ አልኩ። እሱማ የሚሠሩበት ነው፣ የራስዎን ነው የጠየቅሁት አለ። የራሴን አጣሁት። ወደ ኦቻላ ዞርኩ፤ ኦቻላም ስለ እኔ አፍሮ ጫማውን ያያል። ሰውዬው በትዕግሥት ጠበቀና፣ ነገ ዛሬ ሳንል ወስነን ለኃላፊዎ በስልክ እንነግራለን፣ እስከዚያው ሄደው ይረፉ አለኝ።

ይረፉ አለ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

አውቶብሳችን የሚነሳው በማግስቱ ማለዳ ነው። ምሳ ቀመስን፤ ኦቻላ ትልቁን ካቴድራል ማየት እፈልጋለሁ አለ። እኔ አይቼው አላውቅም። አላየሁትም ማለት ደግሞ ከአራሚነቴ ጋር አልሄድ ስላለኝ ና ላሳይህ ብዬ ከፊት ከፊት ሄድኩ።

እኛ ጋምቤላ የለመድነው ቤተ ክርስቲያን ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ቄሱን አላሰማ የሚል ነው። ይኼኛው ሌላ ነገር ነው። ግንቡ ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ መልሶ የመውረድ ሐሳብ የለውም። ቀኑ ደመናማ ነበር፤ ጉልላቱ የደመናውን ቀለም ለብሶ የት ላይ እንደሚያበቃ አይለይም። ግቢው ውስጥ ሰው የለም። የለም ስል የቆመ የለም ማለቴ ነው፤ የተኛ ሞልቷል። ከዛፎቹ ሥር በእብነ በረድ የተሠሩ መቃብሮች እንደ ሰፈር ተሰልፈዋል፤ አንዳንዱ አጥር አለው፣ አንዳንዱ በር አለው። በሩ ለማን እንደተሠራ ገርሞኝ እጄን ላሳርፍበት አልኩና ተውኩት።

ኦቻላ ድንጋዮቹን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። የየአንዱን ማዕረግ፣ የየአንዱን ስም፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ «እዚህ አርፈዋል» ይላል። ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ «እዚህ አርፈዋል» ይላል። ወፍራም ድምፁ ግቢው ውስጥ ስም እንደሚጠራ ሰው ሆነ። የተጠራው እንዳይመልስ ብዬ ፈጠን ፈጠን አልኩ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ግን ድንጋዩ ላይ ‹አሉ› የለም።»

«ድንጋይ ላይ ሲጻፍ ያጥራል» አልኩት። እንዲህ ያለ ሕግ እንደሌለ እናንተም እኔም እናውቃለን። አራሚ ግን አላውቅም አይልም።

«እኛ ቤት ሰው አይርቅም» አለ ኦቻላ ደግሞ። «አያቴ በራችን ላይ ነው ያለው። ጠዋት ስወጣ ሰላም እለዋለሁ። እነዚህን ማነው ሰላም የሚላቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ከኋላችን አንድ ድምፅ።

የግቢው ዘበኛ ነው፤ ቀጭን ሽማግሌ፣ ካፖርቱ ከእሱ በፊት ለሌላ ሰው የተሰፋ። እንዴት እንደደረሰ አላወቅንም፤ ሲራመድ አይሰማም። ከየት ናችሁ አለን፤ ከጋምቤላ አልነው።

«ጋምቤላ ይሞቃል አሉ።»

«በጣም ይሞቃል» አልኩ።

«ደግ ነው። እዚህ ግን ይበርዳቸዋል። የቆላዎቹማ አልቻሉትም። ክረምት ሲገባ ይታወቀኛል።»

«ምኑ ነው የሚታወቅዎት?»

«ሲገላበጡ» አለ፤ ስለ በግ በረት የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ኦቻላ ሽማግሌውን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ፣ «ከየትኛው ክልል ናቸው?» ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ኦቻላን ትቶ እኔን ለረጅም ጊዜ አየኝና፣ «እዚህ የገባ ክልል የለውም» አለ። ልክ እኔ የጠየቅሁት ይመስል።

ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። የእኔ እግር የጋምቤላ እግር ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። እብነ በረዱ ቅዝቃዜውን በውስጥ እግሬ አስገብቶ እስከ ጉልበቴ ወሰደው። ውስጡ ባዶ ነው። በባለቀለሙ መስተዋት የሚገባው ብርሃን ከሩቅ ወለሉ ላይ ቀይ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ስንጠጋው ይሸሻል። ኦቻላ ለጴንጤነቱ ሳያመነታ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ከዚያ የመዘምራን አመሉ ተነሳበትና የጣሪያውን ድምፅ ሊሞክር ወደ ላይ ቀና ብሎ ጠራኝ። «ጋሼ ይርጋ» አለ።

ስሜን አልነገርኳችሁም ለካ። ይርጋ ነው የምባለው።

ጉልላቱ ወዲያው አልመለሰም። ከቆየ በኋላ፣ የረሳነው ጊዜ፣ ከላይ በሌላ ሰው ድምፅ «ይርጋ» አለ። ጥቂት ዝም ብሎ ደግሞ «ይርጋ» አለ። እንግዲህ አማርኛ ታውቃላችሁ። ስም ነው ያላችሁ እንደሆነ ተጠራሁ። ግሥ ነው ያላችሁ እንደሆነ ደግሞ ተወሰነ፣ ጸደቀ፣ ይኑር ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚጠየቅ ሰው አጠገባችን አልነበረም፤ ኦቻላም ከዚያ በኋላ አልሞከረውም። ስልክ ቤት ደርሶ ለኃላፊያችን የተባልነውን ሊነግር አሰበ። «እርስዎ ደክሞዎታል፣ ይቀመጡ» አለኝ። ደክሞኝ ነበር። አንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ከምሰሶው ጎን ተቀመጥኩ፤ ኦቻላ መቀመጤን አይቶ ወጣ። ክልል ስለሌለው ሰው ሳስብ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት ብርዱ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ነው። ቀይና ሰማያዊው ብርሃን ከወለሉ ጠፍቷል። ዘበኛው ፊቴ ቆሟል።

«መዝጋቴ ነው» አለ። «ረጅሙ ጓደኛዎ ውጪ ይጠብቅዎታል።»

አመስግኜ ተነሳሁ።

«ሌላኛውስ?» አለኝ።

«ሌላኛው ማን?»

«አጠገብዎ ተቀምጦ የነበረው። ሁለት ጊዜ አልፌ አየሁት፤ እርስዎን የሚጠብቅ መስሎኝ አልቀሰቀስኳችሁም። በዚህ በር ደግሞ አልወጣም።»

ወንበሩን ዞሬ አየሁት። ከጎኔ የነበረውን ቦታ በእጄ ነካሁት። የእኔ ቦታ ሞቅ ብሏል። ያኛው ደግሞ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ እንደ ሌላው ወንበር አልቀዘቀዘም። ሽማግሌው መልሴን አልጠበቀም፤ ሰው በብዛት የሚያድርበት ቤት ባለቤት ነውና አንድ ቢጨመር አልከበደውም። በሩን ከኋላችን ሲዘጋው ጉልላቱ ድምፁን ተቀብሎ አቆየው።

ኦቻላ ውጪ ጫማዬን ይዞ ቆሟል።

«ነገርከው?» አልኩት።

«ሁሉንም ነገርኩት። በጣም አዘነ።» አሰበና፣ «አለቀሰ መሰለኝ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ» አለ።

ኃላፊያችን ልበ ሩኅሩኅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስለ ክልሌ ይህን ያህል ካዘነ ነገሩ አልቋል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ያን ሌሊት ያንዘፈዘፈኝ ብርድ በማግስቱ መኪናም ላይ አልለቀቀኝ፤ ስንዱ የከተተችልኝን ጋቢ አውጥቼ እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩ። በመንገድ አድረን፣ በመቱ አልፈን፣ ጎሬን ወደ ኋላ ትተን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ መጥቶ ተቀበለን፤ እኔ ግን ጋቢዬን አልጣልኩም። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለ።

ጋምቤላ ከተማ መሃል ስንወርድ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። የሌሊት ወፎቹ ከባሮ ዳር ማንጎዎች ተነሥተው ሰማዩን አጥቁረውታል። ኦቻላ ሻንጣዬንና ጫማዬን ተሸክሞ በዚያ ረጅም ቅልጥሙ ቀድሞኝ ሄደ፤ እኔ በባዶ እግሬ፣ በነጭ ጋቢዬ፣ አቧራዬን እንደለበስኩ ቀስ እያልኩ ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ኒውላንድ አዘገምኩ።

ባለሱቁ ሰይድ በየቀኑ ሳልፍ «ይርጋ፣ ረጋህ ወይ?» እያለ የሚቀልድብኝ ሰው ነው። ደጁ ላይ ቆሟል። እንደምን ዋልክ አልኩት። ዓይኑን ሳይነቅል ወደ ኋላ እየተራመደ ገብቶ የበሩን አንድ ክንፍ ዘጋ። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች መንገዱን ለቀውልኝ ቆሙ። ሰላም ያልኩት ሁሉ ዝም አለኝ፤ ከኋላዬ የነበረው ወሬ ሳልፍ ይቆማል፣ ካለፍኩም በኋላ አይቀጥልም። ያሳደገኝ ከተማ ነው፤ ውሾቹ እንኳ ያውቁኛል። ውሾቹ መጥተው እግሬን አሸተቱና ዞር አሉ።

ተወስኗል ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። ሰዎቹ ወስነው ደውለዋል፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቷል፤ ከአሁን በኋላ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም። ሰው አገሩን ሲያጣ እንዲህ ነው የሚታየው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማጽናናት ከተባለ።

ወደ ሰፈሬ ስጠጋ ለቅሶ ተነሳ። በአማርኛም በአኙዋክም ነው የሚለቀሰው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀበላል። በእኛ አቅጣጫ ነው። ማን ይሆን ብዬ እግሬን ጎትቼ ደረስኩ፤ ሸራ ተወጥሯል፤ የተወጠረው ግን እኔ ግቢ ነው። ስንዱ ነች አልኩ። የሸራውን ጠርዝ ይዤ ወደ ውስጥ ሳይ ስንዱ ጥቁር ለብሳ መሃል ተቀምጣለች። እፎይ አልኩ። ለካ ሰው አፍሮ የሚያስታውሰው እፎይታ አለ፤ ማንም ይሙት፣ እሷ አልሞተችም።

ሻንጣዬና ጫማዬ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኦቻላን የሚያለቅሱ ሴቶች ከበውት ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይቀባበሉታል፤ አፉን ይከፍታል፣ ሳይናገር ሌላዋ ታቅፈዋለች። አማቴና ሌሎች ሰፋሪዎች ከአቦቦ መጥተው ጥግ ይዘዋል። ያኔ ኃላፊያችን ሊናገር ተነሳ።

«ይርጋ ሪጅኑ፣ ክልሉ የት ነው ብለው ጠየቁ» አለ። «እኔም ጠይቄ ነበር። አሁን አፍራለሁ። ሰው ሪጅኑ የት ነው? የተወለደበት ነው። አባቱ ያለበት አፈር ነው። ይርጋ ከኛ ጋር ባሮ ውስጥ ዋኝቶ ያደገ ነው። ይርጋ የኛ ነው። የጋምቤላ ልጅ ነው። ደግሞ የገባው ትልቅ ቦታ ነው፣ ሚኒስትሮች ያሉበት። ከኛ ክልል እዚያ የገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።»

ሰፋሪዎቹ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ምን ላድርግ? በጋቢዬ ተሸፍኜ ከሸራው ጠርዝ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሟቹ ማን እንደሆነ ከገባኝ በኋላም ላቋርጠው አልፈለግሁም። እንዲህ ያለ ንግግር በሕይወቴ ማንም አድርጎልኝ አያውቅም።

አጠገቤ የቆመው ጎረቤት ሳያየኝ፣ «ደግ ሰው ነበር» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ትንሽ ሰው ማረም ያበዛል እንጂ።»

«እሱስ ልክ ነህ» አልኩ።

ድምፄን ያውቀዋል። ዞረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መንገር አልችልም፤ ሸራው በአንድ በኩል ወደቀ፣ የሚሮጠው ሮጠ፣ የሚንበረከከው ተንበረከከ፣ አማቴ አማተበና በቆመበት ደረቀ። በዚህ መሃል ኦቻላ በመጨረሻ ከሴቶቹ እጅ አመለጠና ቁመቱን ቀና አድርጎ፣ ለጉባኤ የሚበቃ በሆነው ድምፁ ሕዝቡን ሊያረጋጋ ሞከረ።

«ለምንድን ነው የምታለቅሱት?» አለ። «አርፈው ነበር። ተነስተዋል።»

ያልተንበረከከውም ያን ጊዜ ተንበረከከ።

ከቦታዋ ያልተንቀሳቀሰች ስንዱ ብቻ ነበረች። ተነሥታ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ያበጠ እግሬን በእጇ ጨበጠችው። መሬት መርገጡን ስታረጋግጥ እግሬን ሳትለቅ ቀና ብላ አየችኝና በዚያ በማይጮኸው ድምፅዋ፣

«የት ነው አሉህ ክልልህን?» አለችኝ።

ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። እኔ ኃላፊያችንን አያለሁ። ኃላፊያችን ኦቻላን ያያል።

«ሞተ ብለህ ነገርከኝ» አለው።

«አላልኩም» አለ ኦቻላ። «አርፈዋል ነው ያልኩት።»

«መቼ አልኩህ፤ አሁን ከምሳ በኋላ አልከኝ።»

«አዎ።»

«ምን ሆኖ አልኩህ፤ ክልልዎ የት ነው አሏቸው፣ መልስ አጡ፣ ከዚያ ካቴድራል ገብተው አረፉ አልከኝ።»

«እሱ ነው የሆነው።»

«ተሰቃየ ወይ አልኩህ። የለም፣ ቶሎ ነው፣ እኔ ጎናቸው ነበርኩ አልከኝ። ቦታ ሰጡት ወይ አልኩህ። ጥሩ ቦታ ነው፣ እብነ በረድ ነው፣ ግን ይበርዳል አልከኝ።»

«ይበርዳል» አለ ኦቻላ፤ ምስክር ፍለጋ እኔን እያየ።

ይበርዳል አልኩ።

«ልጄ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «‹አረፍ አሉ› ብዬ አስተምሬህ አልነበረም? ‹አሉ› የት ሄደች?»

ኦቻላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅር አለው። «ጋሼ፣ ‹አሉ› የሚባለው ሰው ከሌላ ሰው ሲሰማ ነው። ‹ዝናብ ዘነበ አሉ፣ መኪና ገባ አሉ› ይባላል። እኔ አልሰማሁም። እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

በዕድሜዬ ሙሉ ከዚህ የበለጠ ታማኝ ሰዋስው አጋጥሞኝ አያውቅም። የማርመው ነገር አጣሁ።

ኃላፊያችን ግን አልሳቀም። ላቡን ጠረገና ወደ ስንዱ ዞረ። «እኔ አዲስ አበባ ደውያለሁ» አለ። «ጉዳዩን ለያዘው ሰውዬ። ይርጋ አርፏል አልኩት። ነፍስ ይማር አለኝ። ጉዳዩስ አልኩት። ተዘግቷል አለኝ።»

 የሌሊት ወፎቹ ይሰማሉ። የእኔ ሐሳብ፣ እውነት እውነት ነውና፣ ነገ ተደውሎ ይስተካከል ለማለት ነበር፤ አራሚ ነኝ፣ የተሳሳተ ነገር እንዳለ መተው አልችልም። አፌን ስከፍት የስንዱ እጅ እግሬ ላይ ጠበቅ አለ።

አማቴ ከጥግ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከተዘጋማ» አለ፣ «ማን ይክፈተው?»

 ኃላፊያችን ሰዉን ሁሉ በየተራ አየና፣ «እኔ ይርጋ የጋምቤላ ልጅ ነው ብያለሁ። በሕዝብ ፊት የተናገርኩትን አላጥፍም» አለ፤ ከዚያ የመጣው እህል እንዳይበላሽ ይቅረብ ተባለ። በገዛ ለቅሶዬ ላይ ንፍሮ በላሁ። ጨው አንሶት ነበር፤ አልተናገርኩም።

ዓመታት አለፉ። ደሞዜን የሚከፍለኝ ክልሉ ነው፣ ክልሉ ደግሞ ያውቀኛል። አዲስ አበባ ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም፤ ስብሰባ ሲኖር ኦቻላ ይሄዳል። አማርኛው ከእኔ በልጧል፤ «አሉ» የምትባለዋን ቃል ግን እስከ ዛሬ በጥርጣሬ ነው የሚያያት። ሰይድ መቀለዱን ትቷል። አንዳንድ አሮጊቶች በመንገድ ሲያገኙኝ ያማትባሉ፤ ቢሮ ውስጥ በወንበሬ ላይ የሚቀመጥ የለም። ሰው ሁሉ በጣም በትሕትና ነው የሚያናግረኝ፤ ራቅ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ብሞት እንኳ ከዚህ የበለጠ አልከበርም።

አንድ ነገር ብቻ ለስንዱም አልነገርኳትም። ከምሳ በኋላ፣ ያ ሙቀት ሰውን ሁሉ በየጥላው ሲያጋድመው፣ እኔም ማንጎው ሥር ጋደም እላለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ከጎኔ አንድ ሰው መጥቶ የተቀመጠ ይመስለኛል። በዚያ ሐሩር ከዚያ በኩል ያለው ትከሻዬ ይቀዘቅዛል። እንግዳ ነው፣ ከሩቅ የመጣ ነው፣ ምናልባት የቆላ ሰው ሆኖ ያኛው ቤት በርዶት ይሆናል። ዞሬ አላየውም። ክልሉንም አልጠይቀውም።

እንግዲህ አደራችሁን፤ ይህን ለማንም አትንገሩ። በተለይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፊት አታንሱት። የተዘጋ ጉዳይ በወሬ ይከፈታል፤ ስንዱ ደግሞ አልጫንም ብላለች። ምናልባት አንድ ጨዋ ሰውዬ፣ ያ ይርጋ የሚባለው ምን ሆነ ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ አርፏል በሉት። ውሸት አይሆንባችሁም፤ ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ አርፋለሁ። «አሉ» የምትለዋን ግን እንዳትጨምሩ።